የቤንችረስት ብሔራዊ ቡድን ማጣሪያ፦ ነጥቡ እንዴት ይያዝ? ያላለፍነውስ በምን እናግዝ?

ቀለህ_6

ሰላም ለሁላችሁ። በ100 እና በ200 ሜትር ቤንችረስት (ጠመንጃን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ቀዳዳዎቹን ለማቀራረብ የሚተኮስበት ውድድር) ለዓለም ሻምፒዮና የሚሄደውን የአራት ሰው ቡድን ለመምረጥ ማጣሪያ እያዘጋጀን ነው። ሁለት ነገር ላይ መስማማት አቅቶናል። አንደኛ፣ ማጣሪያው በተለያየ ሜዳና በተለያየ አየር ስለሚካሄድ የአንዱን ቀን ውጤት ከሌላው ጋር እንዴት እናወዳድር? ግማሾቻችን ትንሹን ግሩፕ (በአንድ ዒላማ ላይ በተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት) የተኮሰ ይለፍ ባይ ነን። ሁለተኛ፣ ያላለፍነው ሰዎች ገንዘብ ከማዋጣት ሌላ ለቡድኑ የሚጠቅም ምን መሥራት እንችላለን? በአውሮፕላን ስለሚሄደው ዕቃም የምታውቁትን አካፍሉን።

ነፋስ_አንባቢ

በትንሹ ግሩፕ መምረጥ ይቅርባችሁ። ሻምፒዮናው የሚለካው በአማካይ ነው፤ ምርጫውም በአማካይ ይሁን። በቀላል ቫርሚንትና በከባድ ቫርሚንት (በክብደት የተለዩ ሁለት የጠመንጃ ዓይነቶች)፣ በ100 እና በ200 ሜትር ሲተኮስ አራት ምድብ ይሆናል። በየምድቡ አምስት ዒላማ፣ በየዒላማው አምስት ጥይት፤ ተደምሮ 100 የውጤት ጥይት ማለት ነው። የ200 ሜትሩ ግሩፕ ለሁለት ተካፍሎ ከ100ው ጋር ይቀላቀላል።

አንድ የተበላሸ ግሩፕ ምን እንደሚያደርግ እዩት። አንዱ ተኳሽ በ100 ሜትር 4.6፣ 5.2፣ 5.0፣ 5.4 እና 11.0 ሚሊሜትር ቢተኩስ አማካዩ 6.24 ይመጣል። ሌላው ከ4.9 በታች አንድም ሳይተኩስ፣ ከ5.5ም ሳያልፍ አምስቱን ቢጨርስ ወደ 5.2 ይገባል። ትንሹን ግሩፕ የተኮሰው የመጀመሪያው ነው፤ ለቡድን የሚፈለገው ግን ሁለተኛው ነው። የአራቱም ሰው ውጤት ስለሚደመር የአንዱ 11 ሚሊሜትር የሦስቱን ልፋት ይዞት ይወርዳል።

የአየሩን ልዩነት በተመለከተ፣ ጥሬውን ቁጥር አትደምሩ፤ ወደ መቶኛ ለውጡት። የዕለቱን አሸናፊ አማካይ ለተኳሹ አማካይ አካፍላችሁ በ100 አባዙ። ጸጥ ባለ ቀን አሸናፊው 5.0፣ እናንተ 6.0 ብትተኩሱ 83.3 ነጥብ ታገኛላችሁ። ነፋሻ በሆነ ቀን አሸናፊው 8.0፣ እናንተ 8.8 ከሆናችሁ ግን 90.9 ነው። ቁጥሩ ሲታይ የከፋው 8.8 ነው፤ በእኔ ግምት ግን የተሻለው ሥራ እሱ ነው። አንድ ችግር አለው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ከሁሉም ርቆ ከወጣ የሌላው ሁሉ ነጥብ አላግባብ ይወርዳል። ስለዚህ በአሸናፊው ፈንታ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወይም አምስት ሰዎች አማካይ መለኪያ ብታደርጉ ይሻላል።

ሻምፒዮናው በየሁለት ዓመቱ ስለሆነ ማጣሪያውንም በሁለቱ ዓመት ላይ ዘርጉት። ከስድስት ውድድር የተሻሉት አራቱ ይያዙ፤ ታሞ ወይም ሥራ ይዞት የቀረ ሰው በዚያ ብቻ አይውደቅ። ደግሞ ግማሹ በ200 ሜትር ይሁን። 100 ሜትር ላይ ብቻ የተመረጠ ቡድን ነፋስ ማንበብ የማይችል ሰው ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለ6 ፒፒሲ (በቤንችረስት የተለመደ የጥይት ዓይነት)፣ 68 ግሬን (የጥቃቅን ክብደት መለኪያ) ገደማ ለሚመዝን እርሳስ (ከአፈሙዝ ወጥቶ ዒላማውን ለሚመታው የጥይቱ ክፍል)፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ የጎን ነፋስ በ100 ሜትር ወደ 5 ሚሊሜትር ይገፋል። በ200 ሜትር ከ20 ያልፋል፤ ለሁለት ተካፍሎም ከ10 በላይ ሆኖ ይቀራል። ያ ማለት ያላያችሁት አንድ ለስላሳ ንፋስ ግሩፑን በእጥፍ ያሰፋዋል።

ሚዛን

ከላይ የተባለው ይበቃል፤ እኔ ስለ ዕቃው ልናገር።

ባሩድና ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፤ አትሞክሩት። የተሞላ ጥይት አብዛኛው አየር መንገድ ለአንድ መንገደኛ ከነማሸጊያው እስከ 5 ኪሎ ይፈቅዳል፤ ያውም አስቀድሞ ሲጠየቅና ከጠመንጃው ተለይቶ ሲታሸግ። የ6 ፒፒሲ ጥይት አንዱ 13 ግራም ገደማ ነው። 300 ጥይት ወደ 4 ኪሎ ይመጣል፤ ለሳጥኑም ቦታ ይተርፋል። 100 የውጤት ጥይት ብቻ አስባችሁ እንዳትሄዱ፤ ውጤት በማይያዝበት የሙከራ ዒላማ ላይ የፈለጉትን ያህል መተኮስ ስለሚቻል በየዙሩ ከአምስት እስከ አሥር ይሄዳል፤ የማሟሟቂያው ዙርም አለ።

አገር ቤት ሞልቶ መሄድ ግን ሌላ ችግር አለው። ቪታቮሪ ኤን133 የተባለው ባሩድ የአየሩን እርጥበትና ሙቀት ይከተላል። ጠዋት ቀዳዳዎቹን በአንድ ላይ ያስቀመጠው መጠን ከሰዓት በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ይበትናቸዋል። ስለዚህ ነው ተኳሾቹ ሜዳው ላይ እየሞሉ የሚተኩሱት። እርሳሱን፣ ቀለሁን፣ መሙያ ዳዩንና (ቀለሁን የሚያስተካክለውንና እርሳሱን የሚያስገባውን መሣሪያ) የባሩድ መስፈሪያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባሩዱንና ካፕሱሉን አስተናጋጁ አገር እንዲያስቀምጥላችሁ ከወራት በፊት ጻፉ። ስትጽፉ የባሩዱን ስም ብቻ ሳይሆን አራቱም ሰው ከአንድ ሎት (በአንድ ጊዜ ከተመረተ) እንዲደርሳቸው ጠይቁ። ሎቱ ሲለያይ አንዱ ያገኘው መጠን ለሌላው አይሠራም፤ የልምምዱ ቀን እየተነጋገራችሁ ሳይሆን እየተደናበራችሁ ያልቃል። ሎቱ ከለመዳችሁት የተለየ ከሆነ ደግሞ ከዝቅተኛው መጠን ጀምራችሁ በ0.2 ወይም በ0.3 ግሬን ከፍ አድርጉ።

ክብደትም አለ። ቀላል ቫርሚንት ከነመነጽሩ 4.76 ኪሎ፣ ከባዱ 6.12 ኪሎ ነው ጣሪያው። ቤታችሁ ሚዛን ላይ ልክ 4.76 የመጣ ጠመንጃ እዚያ ሊወድቅ ይችላል። 40 ወይም 50 ግራም ተዉለት። የፊት እንጨቱ ስፋትም ከ76 ሚሊሜትር እንዳያልፍ በካሊፐር ለኩት፤ ቀለም የተደራረበበት ሰደፍ እዚህ ላይ ያጋልጣል።

ባንዲራ_ተካይ

@ቀለህ_6 ያላለፉት ሰዎች ሥራ ሞልቷል፤ ቡድኑን የሚያቆመውም ይሄ ነው።

አንዱ ሰው ነፋሱን የሚያሳየውን ባንዲራ ይያዝ። ለ100 ሜትር ከአራት እስከ ስድስት፣ ለ200 ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ተኳሾቹ በየዙሩ ጠረጴዛ ስለሚቀይሩ ባንዲራው ለአንድ መስመር ብቻ እንዳይሆን አድርጋችሁ አስቡት። ቁመቱ ከጥይቱ መስመር በታች ሆኖ በመነጽሩ ሜዳ ጥግ ላይ የሚታይ ይሁን፤ ከፍ ካለ የጎረቤትን ዒላማ ይጋርዳል፣ ዳኛውም ያስነቅለዋል። ለጠረጴዛው የቀረበው ባንዲራ ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ አለው፤ እርሳሱ መጀመሪያ ላይ የተገፋው አቅጣጫ እስከ ዒላማው ይከተለዋል። ከመነሳታችሁ በፊት የያንዳንዱን ኩሽኔታ አውጥታችሁ አጽዱ። አቧራ የያዘ ባንዲራ ነፋሱ ከዞረ በኋላ ዘግይቶ ነው የሚዞረው፤ ተኳሹ ደግሞ ያንን አምኖ ይተኩሳል። እንደዚህ ያለ ባንዲራ ከሚኖር ባይኖር ይሻላል።

ሌላው ሰው ደብተር ይያዝ፦ ሰዓት፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ የባሩድ መጠን፣ የግሩፑ ቅርፅ። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ከተዘረጉ ጥርጣሬው ባሩዱ ላይ ነው፤ ወደ ጎን ከተዘረጉ ነፋሱ ላይ። ይሄን ለአራቱም በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ አንድ ተኳሽ ለብቻው የማያየውን ያያል። ሦስቱ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ መዘርጋት ከጀመሩ አራተኛው ከመተኮሱ በፊት ይነገረው።

ዒላማዎቹ ከተለኩ በኋላ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ሄዶ አንድ በአንድ የሚያይ ሰው መድቡ፤ አቤቱታ የጊዜ ገደብ አለው፣ ተኳሹ ደግሞ በዚያ ሰዓት በርሜል እያጸዳና ቀለህ እየሞላ ነው። ከዒላማው ኋላ የሚንቀሳቀሰው ወረቀት የተተኮሰውን ቁጥር ስለሚያሳይ፣ አምስቱ በአንድ ቀዳዳ ገብተው አራት መስለው ቢታዩ እሱን ጠይቁ።

ቀለህ_6

እናመሰግናለን፣ በጣም ጠቅሞናል። አንድ የቀረ፦ ተጠባባቂ ይዘን እንሂድ ወይስ ወጪው አያዋጣም? በ.22 ካሊበር (በትንሹ ጥይት) የሚተኩሱት ተኳሾቻችንም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው።

ሚዛን

አምስተኛውን ሰው ከአራቱ ጋር በአንድ ቀን አሳውቁት፤ የመሣሪያ መግቢያ ፈቃዱንም አብራችሁ አስጨርሱለት። ትኬቱ ቆይቶ ሊቆረጥ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን በመጨረሻው ሳምንት አይገኝም። ከሄደ ደብተሩን እሱ ይያዝ።

ለ.22 ካሊበር ተኳሾቹ ጥይቱ ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ ሥራው በሙሉ የሎት ምርጫ ላይ ነው። አንዱ በርሜል የወደደውን ሎት ሌላው ላይወደው ይችላል፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ በ50 ሜትር ለየብቻ ይፈተን። የተመረጠውን ሎት ለማጣሪያውም ለሻምፒዮናውም በሚበቃ መጠን ወዲያው ግዙት፤ ከወር በኋላ ላይገኝ ይችላል። በ5 ኪሎው ውስጥ 50 የሚይዙ ወደ 25 ሳጥን ይገባሉ። አንድ ካርድ 25 ዒላማ ስለሆነ፣ ሙከራውን ጨምሮ ለአንድ ካርድ አንድ ሙሉ ሳጥን አስቡ።