«ላስት ኔም» በአማርኛ ምንድን ነው? ሚስት ብትቀይረውስ የማን ልጅ ትባላለች?

ሙሽሪት ከአዳማ፦
ቤቶች፣ ሰላም ናችሁ? አንድ ቃል ቤታችንን አከራክሮታል። እጮኛዬ አሜሪካ ነው ያለው፣ ቅጽ ልኮልኝ እየሞላሁ ነው። «ሱርኔም» (ያው «ላስት ኔም») የሚለውን የአጎቴ ልጅ «የአያት ስም ነው» አለኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለው ጽሕፈት ቤት ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ተረጎመልኝ። ዝቅ ብሎ «ከጋብቻ በኋላ የሚኖርሽ ስም» የሚል ቦታ አለ። እሱ «የኔን ውሰጂ፣ እዚህ እንደዚያ ነው የሚቀለው» ይላል። እናቴ ይህን ስትሰማ «አባትሽ ምን በደለሽ?» አለች። ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው? እናንተስ ብትሆኑ ትቀይራላችሁ?

ባለ ፍራንኮ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ ሁለቱም አልጣሙኝም። «የአያት ስም» የሚባለው ፓስፖርታችን ላይ እዚያ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው የአያት ስም ስለሆነ ነው። «የቤተሰብ ስም» ደግሞ ቃሉ ያምራል፣ ነገሩ ግን እኛ ጋ የለም። እኛ ጋ ሁለተኛው ስም የማን ልጅ እንደሆንሽ ይናገራል፣ በቃ። የቤት ምልክት አይደለም።

እስቲ የአንደኛ ክፍል ሰዎችን እንዋስ። ጫላ ጩቤውን አስቀምጦ አልማዝን አገባ እንበል። እሱ ጫላ ቶላ ዱጉማ ነው፣ እሷ አልማዝ ከበደ። አሁን የባሏን ስም ትውሰድ። የቱን? «አልማዝ ጫላ» ከተባለች ልጁ ሆነች። «አልማዝ ቶላ» ከተባለች እህቱ ናት። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን «ዱጉማ»ን ከወሰደች ደግሞ የቶላ እህት፣ ማለትም የባሏ አክስት! ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። እናትሽ «አባትሽ ምን በደለሽ» ያሉት ለዚህ ነው፤ እሳቸው የሰሙት ስም ስትቀይሪ ሳይሆን አባት ስትቀይሪ ነው።

ፈረንጅም በኛ ስም ሲቸገር ኖሯል። ኃይሌ በሚሮጥበት ዘመን የውጭዎቹ ዘጋቢዎች «ገብረሥላሴ መራ፣ ገብረሥላሴ አሸነፈ» ሲሉ አባትየው የሮጡ ነበር የሚመስለው። ጥሩነሽ ስለሺ ስህንን አገባች፣ ዲባባነቷ ግን የትም አልሄደም። ጣይቱ ምኒልክን አግብተው ብጡል እንደተባሉ ኖሩ፣ መነንም ከኃይለ ሥላሴ ጎን አስፋው እንደተባሉ። ዙፋን ያላስቀየረውን ስም አንድ ቅጽ ሊያስቀይር ነው?

ለትርጉም ከሆነ የሕግ ቃል አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የቤተ ዘመድ ስም» ይላል፣ ማንኛውም ሰው አንድ እንዲኖረው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ ጠረኑ ከወዴት እንደመጣ መገመት አያቅትም። ቃሉ ሕጉ ውስጥ ቀረ፣ ሰዉ በአባቱ ስም ቀጠለ። መዝገበ ቃላት የምትሠሩ «የቤተ ዘመድ ስም»ን ጻፉ፣ እኔ ግን ቅጽ ላይ «ላስት ኔም» ብዬ በግዕዝ ፊደል መተዉ ነው የሚሻለኝ። ቢያንስ አይዋሽም።

ጎጃሜው፦
ወንድሜ ጥሩ ብለሃል፣ ግን «ሴት ስም አትቀይርም» የሚለውን እንዲህ በቀላሉ አላሳልፈውም። አያቴ ስትዳር አማቷ ስም አወጡላት። ሙሽራ ቤት ስትገባ ስም ይወጣላታል፣ ወጉ ነው። እስከ ዕለተ ሞቷ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ነው የጠራት፤ በልጅነት ስሟ የሚጠሯት ወንድሞቿ ብቻ ነበሩ፣ እነሱም በዓመት አንዴ ሲመጡ። እና ፈረንጁ የሚቀይረው የስሟን ጭራ ነው፣ እኛ የቀየርነው ጭንቅላቱን! አባቷን አልነካንም፣ እሷን ግን ነካናት። ይህን ሳንናገር «ባህላችን ለሴት ነፃነት ሰጥቷል» እያልን መኩራራት ደስ አይለኝም።

ባለ ፍራንኮ፦
ይህንንስ ወስጄዋለሁ። ልጅ ከተወለደ በኋላም «የማሙሽ እናት» መባል አለ። ይኸው ሁለተኛ ለውጥ። (ከተማችን ራሷስ? በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አዳማ ወደሚለው ተመልሳ፣ እስከ ዛሬ ግማሹ ሰው ባጃጅ ውስጥ «ናዝሬት» ይላል። ስም በወረቀት ይለወጣል፣ ምላስ ላይ ግን ቀስ ነው።)

የቀድሞ አስተማሪ፦
ልጆች፣ የቤተሰብ ስም የለንም ስትሉ ትንሽ ቸኮላችሁ። አለን። «እነ» ነው።

ልብ ብላችሁ ስሙ። «ዛሬ እነ ጫላ ቤት ነው ቡናው» ሲባል ጫላ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ያስጠጓት የእህት ልጅ ሳትቀር ሁሉም እዚያች «እነ» ውስጥ ናቸው። ቤቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ የመጥራት ሥራ ይህቺ ቃል ታከናውናለች፣ ፈረንጁ በላስት ኔም የሚያከናውነውን ማለት ነው። ግን ልዩነት አላት። ያንኑ ቤት የአልማዝ የሥራ ባልደረባ «እነ አልማዝ ቤት» ትለዋለች። የሰፈሩ ውሪ «እነ ማሙሽ ቤት» ይለዋል። ቤቱ አንድ ነው፣ ስሙን የሚያወጣው ጠሪው ነው፣ ማንን እንደሚያውቅ ታይቶ። ባል የግድ አይቀድምም። የኛ ሰፈር አንድ ቤት አለ፣ ባልየው ሠላሳ ዓመት የቤቱ ራስ ነኝ ብሎ ኖሮ ሰው ሁሉ በሚስቱ ስም ነው የሚጠራው፣ ጠላዋ ስለሚታወቅ!

ኦሮምኛም «ወረ» አለው። ጎረቤቶቼ «ወረ ቶላ» ሲሉ የቶላን ቤት ሰው በሙሉ ማለታቸው ነው። ወሎ ላይ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ ሲባል የምትሰሙትም ይኸው «ወረ» ነው። ስለዚህ ሙሽራዬ፣ ቅጹ ላይ «እነ» ጻፊ አልልሽም፣ ግን አንድ ስም ሳትጋሩ ቤተሰብ አትመስሉም የሚልሽ ካለ አትመኚው።

ሞንትሪያል ነኝ፦
ከዚህ ልጨምር። እኔ ያለሁበት ኪውቤክ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሴት ብታገባም ሕጋዊ ስሟ የልደት ስሟ ነው፣ ለጋብቻ ብላ በባሏ ልቀይር ብትል ሕጉ አይፈቅድላትም። ጓደኞቼ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ትልቅ ድል ነው፣ እኔ ደግሞ «እኛ ቤት ሁሌም እንደዚህ ነው» እያልኩ እኮራለሁ (ጎጃሜው አይስማኝ)። ጃፓን ተቃራኒው ነው። ባልና ሚስት አንድ ስም መያዝ አለባቸው ይላል ሕጉ፤ ከሁለት አንዱ ይቀይር ነው የሚለው፣ በተግባር ግን የሚቀይሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2021ም ሕጉን አጽንቶታል። አሜሪካ ማንም አያስገድድም፣ ሆኖም ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጠይቅ ወንድ ካገቡ ሴቶች 79 በመቶው የባላቸውን ስም ወስደዋል። አይስላንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡን፤ እነሱም ከስማቸው የሚያስከትሉት በአብዛኛው የአባት ስም ነው፣ የስልክ ማውጫ መጽሐፋቸውም ይደረደር የነበረው በራስ ስም ነው።

እጮኛሽ «ይቀላል» ያለው ግን ውሸት አይደለም። አስቢው። ጫላ ፓስፖርቱ ላይ ዱጉማ ነው። አልማዝ የራሷ አያት ስም አላት። ልጆቹ ደግሞ በኛ አቆጣጠር የአባታቸው አባት ስም ስለሚገባላቸው «ቶላ» ይሆናሉ። አራት ሰው፣ ሦስት ላስት ኔም። ኤርፖርት ላይ እናት ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትጓዝ «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?» ይሏታል፣ የልደት ሰርተፍኬት በቦርሳዋ ከሌለ ደግሞ መቆሙ ነው። እዚህ ያሉ ብዙ አበሾች መላ አድርገው የያዙት የባልየውን የአያት ስም ለልጆቹም መስጠት ነው፣ ሚስት የራሷን ይዛ ትቀራለች። ቤቱ ውስጥ አንድ ትውልድ ይዘለላል፣ የልጁ አባት ከልጁ ስም ይጠፋል። እኔ ለዚህ ነው ያልተስማማሁት፣ ባሌ ሲያኮርፍ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ጎጃሜው፦
አባትየው ከልጁ ስም ሲጠፋማ ማን ይጠራዋል? «አባቱን ያስጠራ ልጅ» የምንለው እኮ በምሳሌ ብቻ አይደለም። ቃል በቃል ነው። ልጁ በተጠራ ቁጥር አባቱ ይጠራል።

የቀድሞ አስተማሪ፦
እናትየዋንስ ማን ያስጠራት? ይህን ስትመልስልኝ ቡናው በኔ ነው።

ሙሽሪት ከአዳማ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ማታውን ለእጮኛዬ ነበር የማነብለት። «ላስት ኔምህ የማን ስም ነው?» አልኩት። «የአያቴ» አለ። «ታዲያ እኔ አያትህን ነው እንዴ የማገባው?» ስለው ሳቀና ነገሩን ተወው። ሳጥኑ ላይ የራሴን ሞልቻለሁ፣ እናቴም ቀና ብላ አየችኝ። የልጆቹ ጉዳይ ግን አልተስማማንበትም። እሱ እንደ ሞንትሪያሏ እህታችን ባል የአያቱን ስም ለሁሉም ይሰጥ ይላል። እኔ ልጄ በአባቱ ይጠራልኝ እላለሁ፣ ኤርፖርቱን ሰርተፍኬት ይዤ እችለዋለሁ።