ቤት ለመግዛትም ለመሸጥም ማንን ልያዝ? ከደምበጫ እስከ ቡሬ (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ጎጃሞች፣ እንዴት ከረማችሁ? ከአዲስ አበባ ጠቅልለን ልንመለስ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይ ቡሬ ቤት እንገዛለን፣ ደምበጫ ያለውን የእናቴን ቤት ደግሞ እንሸጣለን። ደላላ ይሻላል፣ ቴሌግራም ወይስ በሰው በሰው? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ደምበጫ ሸጬ ቡሬ ገዛሁ። እኔ እንዳየሁት በእኛ ትንንሽ ከተሞች ሻጭም አይሮጥም፣ ገዥም አይጋፋም። ስለዚህ በዋጋ ክርክር የምታተርፈው ትንሽ ነው፤ ሰው የሚከስረው በወረቀትና በግድግዳ ነው። ቤት ለሚያገኝልህ ሰው ቆጥብ፣ ለሚያጣራልህ ሰው ክፈል።

ከደላላ ልጀምር። ነባር የከተማው ደላላ የማን ቤት በፍቺ፣ የማን በውርስ እንደሚሸጥ ያውቃል፣ ይሄን ቴሌግራም አይነግርህም። ብዙዎቹ ከገዥም ከሻጭም ሁለት ሁለት ከመቶ ይላሉ፣ ግን ይቀንሳሉ። ክፍያውን ቀድመህ በወረቀት ተስማማ፤ አለዚያ በርክክቡ ቀን አራት ሰው «እኔም አለሁበት» እያለ ይመጣል። ቴሌግራም ዋጋ ለመቃኘት ጥሩ ነው፣ ግን የምታየው የተጠየቀውን እንጂ የተሸጠበትን አይደለም። ፎቶው ደግሞ ሁሌ በበጋ የተነሣ ነው!

ለእናትህ ቤት ግን ከሁሉም በፊት ለእድሯ ሰዎች ንገር። የእኔን የገዛው ሦስተኛ ቤት ያለ ጎረቤት ነው፤ ልጁን አጠገቡ ሊያኖር ፈልጎ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተነጋገርን፣ ደላላ የሚባል አልገባበትም።

አሁን ወረቀት። መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። የምትገዛው ቤቱን ነው፤ የቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፍልሃል። ከከተማው ጠርዝ ላይ ከገበሬ በርካሽ የሚቀርብልህን መሬት እንዳትነካ። ውሉ ላይ ስጦታ ወይ ብድር ተብሎ ይጻፋል። አንተ ቤት ገዛሁ ትላለህ፣ ወረቀትህ ብድር ሰጠሁ ይላል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጨረቃ ቤት የገዛ ሰው ዶዘር ሲመጣ የት አቤት ይላል?

የካርታ ኮፒ አይተህ አትርካ። ሻጩን ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ፣ ማኅደሩ ይከፈት፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በደብዳቤ ያስጽፍ። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የወረሰው ከሆነ ወራሾቹን አንድ በአንድ ቁጠር።

ይሄን የምልህ ተቃጥዬ ነው። ቡሬ ስገዛ ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ጸሐፊዎች ይበቁኛል ብዬ በጥቂት መቶ ብር ውል አስጻፍኩ። «ተቃዋሚ ቢመጣ እኔ ሻጭ ተከራክሬ መልስ እሰጣለሁ» የምትለዋ የታወቀች ዐረፍተ ነገር አለች፣ አይደል? ስም ላዛውር ስል ቤይሩት ያለች የሻጩ እህት፣ ወራሽ ሆና ተገኘች። ሻጩ ተከራክሮ መልስ አልሰጠም፣ ስልኩንም አላነሣ። ውክልናው መጥቶ እስኪያልቅ አምስት ወር ጠበቅኩ፤ መጨረሻ ላይ ያው ጠበቃ ያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ይዤው ቢሆን ግማሹን ባልከፈልኩ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይ ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ነው። ቀብድ ስትከፍል «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍልህ። ሻጩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ አንተ ካፈረስክ ይቀርብሃል። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ እንደዚያ አይሆንም።

ግድግዳው ላይ ደግሞ፣ ለብሎኬት ቤት መሐንዲስ ይሁን፣ ለጭቃ ቤት ግን አንድ ሽማግሌ አናጢ ይበልጣል። እኔ የወሰድኳቸው አያ ቤቱን ዞረው እንኳ አላዩም። ጥግ ላይ ቁጢጥ አሉ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ምርጊቱን ፋቁ፣ ምሰሶው ላይ ምስማር ቢገፉ እንደ ተቀቀለ ድንች ጥልቅ አለ። ምስጥ። «ልጄ፣ ይሄ ቤት የቆመው በቀለሙ ነው» ብለውኝ ተነሡ። ለዚያች ሩብ ሰዓት የከፈልኳቸውን አሁንም አንሷቸዋል እላለሁ። ያንን ቤት ትቼ ሌላ ገዛሁ።

ክዳኑን ስታይ ጌጁን ጠይቅ። ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። 32 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ግን በረዶ ሲመታው ይጎደጉዳል፤ 28 ወይ 30 ካገኘህ ዋጋው ላይ ብዙ አትከራከር። ከቻልክ ደግሞ ቤቱን ሐምሌ ላይ እይ። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቢጫ ክብ በየካቲት በቀለም ይሸፈናል፣ በሐምሌ ግን ማን ይሸፍነዋል?

ሌላ መልስ፦ ወንድማችን ደላላን አሳነስክ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ የዳንግላ ቤቴን የሸጠልኝ ደላላ ነው። መንገዱ በፈለግሽው ቀን አይከፈትም፣ ለእያንዳንዱ ገዥ በር ለመክፈት መመላለስ አይቻልም። ቁልፉን ሰጠሁት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሄድኩ። ሩቅ ላለ ሰው ሁለት ከመቶው ይክሳል።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ እኔ እዚያው ስለነበርኩ ነው። ሩቅ ከሆነ ደላላ፣ ግን ቁልፉን እንጂ ካርታውን አትስጡት።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የእናቴን ቤት መቼ ባወጣው ይሻላል?

መልስ፦ ከጥር በኋላ። እህል ተወቅቶ ተሽጦ ሰው እጅ ላይ ብር ይገባል፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ከዚያ በፊት ግን የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ እይ። የእኔ ደምበጫ በሞተው አያቴ ስም ነበር፣ ሦስት ሳምንት በላብኝ፤ ገዥዬ ጥሩ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ።