በብብቴ ለሚመላለሰው እብጠት ሕክምና ምክራችሁን እሻለሁ

ውድ ወገኖቼ፣ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ሲሆን ሂድራዴናይቲስ ሰፑራቲቫ የተባለው ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ከጀመረኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በሁለቱም ብብቶቼና በብሽሽቴ መግል የቋጠረ እብጠት ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ጠባሳ ትቶ ይደርቃል፤ ብዙም ሳይቆይ እዚያው አጠገብ ሌላ ይነሣል። በአውቶቡስ ቆሜ ስሄድ ክንዴን ወደ ላይ አንሥቼ ብረቱን መያዝ አልችልም።

ለዓመታት «ብጉንጅ ነው፣ ንጽሕናሽን ጠብቂ» እየተባልኩ በአንድ ክሊኒክ ሲበጣልኝ ኖሯል። ይህ አባባል ከቁስሉ ይልቅ አሞኛል፤ በሽታው የሚጀምረው የፀጉር መብቀያ ቀዳዳዎች ተደፍነው ከቆዳ ሥር ሲፈነዱ እንጂ በቆሻሻ ምክንያት አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለ3 ወር ወሰድኩ፣ ለጊዜውም ቀለለኝ። አሁን ግን እብጠቶቹን የሚያገናኝ ቦይ ከቆዳዬ ሥር ስለተፈጠረ፣ ሐኪሟ ክሊንዳማይሲንን ከሪፋምፒሲን ጋር እንድወስድ፣ ካልሆነም የቦዩን ሽፋን በቀዶ ሕክምና እንዳስነሣ ነግረውኛል። ሪፋምፒሲን ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጥ መሆኑን ባውቅም፣ የምጠቀመውን የእርግዝና መከላከያ ክኒን ስለሚያዳክም እያመነታሁ ነው።

ሁለቱን መድኃኒቶች አብራችሁ የወሰዳችሁ ካላችሁ ሆዳችሁ እንዴት ቻለው? ቀዶ ሕክምናውን ያደረጋችሁስ ቁስሉ በስንት ሳምንት ዳነላችሁ፣ በዚያው ቦታስ ተመልሶ ወጣባችሁ? ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን አዳሊሙማብ የተባለ መርፌ በአገር ውስጥ ያገኘ ሰው ካለ፣ በምን መንገድ እንዳገኘው ቢነግረኝ ከልብ አመሰግናለሁ።