አስቸኳይ፦ ኤዲሮል ዩኤ-25 ሳውንድ ካርድ ዊንዶውስ 11 ላይ አልሠራ አለኝ

ማይክ_ብቻ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ በናታችሁ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የትረካ ቀረጻ አለብኝ፤ ሳውንድ ካርዱ (ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ሳጥን) ግን አዲሱ ላፕቶፕ ላይ እምቢ አለ። መብራቱ ይበራል፤ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ግን ቢጫ ምልክት ያወጣል። ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያዝ የሚያስችለውን ሶፍትዌር) አውርጄ ስጭን ይሄ ዊንዶውስ አይሆንም ብሎ ይዘጋል። የድሮው ላፕቶፕ ላይ እስከ ትናንት ይሠራ ነበር።

ኬብል_በኬብል፦
ድራይቨሩን አጥፍተህ እንደገና ጫነው፤ ከዚያ ሪስታርት።

የአራት_ኪሎዋ፦
በምን ፕሮግራም ነው የምትቀዳው? ማይኩ ኮንደንሰር (ከካርዱ ኃይል የሚፈልገው) ነው ዳይናሚክ (የማይፈልገው)? የሰካኸው ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው ወይስ በሃብ (በዩኤስቢ ማከፋፈያ)?

ሲግናል_ፍሰት፦
መቶ ጊዜ ብትጭነው ያው ነው፤ ምክንያቱን እንወቅ። ድራይቨር እንደ ተራ ፕሮግራም አይደለም፣ የሚገባው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 11 የወጣው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ 32 ቢት ድራይቨር ጨርሶ አይቀበልም። 64 ቢቱ ቢኖርህም መጫኛው መጀመሪያ የዊንዶውሱን ቁጥር ያያል፤ የማያውቀው ከሆነ እዚያው ይቆማል። አንዳንዶች የመጫኛውን የአይኤንኤፍ ፋይል (የአጫጫኑን መመሪያ የያዘውን ጽሑፍ) ከፍተው ቁጥሩን ይቀይራሉ። ፋይሉ ሲነካ ግን ዲጂታል ፊርማው ይፈርሳል። ስለዚህ ሺፍት ተጭኖ ሪስታርት፣ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ከዚያ የፊርማ ምርመራውን የሚያጠፋውን 7 ቁጥር መጫን ይጠይቃል። ይህ የሚያገለግለው ለአንድ ማስነሻ ብቻ ነው። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው የዊንዶውስ መከላከያ ከበራም አሮጌውን ድራይቨር ሊያግደው ይችላል። ለነገ ጠዋት ቀረጻ ዛሬ ማታ ይህን መነካካት አልመክርም።

ፋደር_ታች፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ድራይቨር ለምን አስፈለገ? ድራይቨሩ ለሚሰጠው ከፍ ያለ ጥራት፣ ለ24 ቢት ከሆነ፣ የአንድ ሰው ትረካ ነው የምትቀዳው። 16 ቢት ወደ 96 ዲሲቤል ስፋት አለው፤ ቤት ውስጥ ያለው የፍሪጅና የመንገድ ድምፅ ከዚያ በፊት ይቀድምሃል። ድምፁን ከፍታው ላይ ወደ -10 ዲሲቤል አድርሰህ ቅዳው፣ ይበቃል።

ኬብል_በኬብል፦
ድራይቨሩን በደንብ አጥፋው እንጂ። ከዚያ ኤሲዮ-ፎር-ኦል (ለሁሉም ካርድ የሚሆን የድምፅ ድራይቨር) ጫን።

ሲግናል_ፍሰት፦
ኤሲዮ-ፎር-ኦል የሚቀመጠው ቀድሞ በተነሳ ድራይቨር ላይ ነው። ከሥሩ ምንም ከሌለ ምኑን ይዞ ይሠራል?

ጎንደር_ሚክስ፦
ካርዱ አላረጀም፣ አኩርፎ ነው፤ አባብሉት 😀 ይዘህ ዙሪያውን እየው፣ አድቫንስ የሚል ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። እሱ ሲበራ ካርዱ የራሱን ድራይቨር ይጠይቃል። ሲጠፋ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ተራ የዩኤስቢ ኦዲዮ ድራይቨር ይሠራል፣ በ16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫውን በቀኝ ተጭነህ አንኢንስቶል በል። ገመዱን ንቀል። አድቫንስን አጥፋ፣ የሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) መምረጫውን 44.1 ላይ አድርግ። ከዚያ ስካው። እንደተሰካ ብትቀይረው ለውጡን አያውቀውም፣ የግድ ነቅለህ መሰካት አለብህ።

ማይክ_ብቻ፦
ወንድሜ ተባረክ! ቢጫው ጠፋ፣ ካርዱ ታየ። አሁን ግን ኦዳሲቲ (የምቀዳበት ፕሮግራም) ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፣ ድምፅ የለም። ማይኩ ኮንደንሰር ነው።

የአራት_ኪሎዋ፦
ቅድም የጠየቅኩህ ለዚህ ነበር። መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሆነ ለይ። ሄድፎን ካርዱ ላይ ሰካ፣ ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን ቁልፍ ከፍ አድርግና አውራ። ይህ ድምፅ በኮምፒውተሩ አያልፍም። ካልሰማህ ጥፋቱ ከማይኩ ወገን ነው፦ ፋንተም 48 ቮልቱን (ካርዱ ለኮንደንሰር ማይክ የሚልከውን ኃይል) አብራ፣ ገመዱም ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ) መሆኑን እይ፤ በጊታር ጃክ በኩል ፋንተም አይሄድም። ስታበራ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) ዝቅ አድርገህ ይሁን፣ ሄድፎኑ ጆሮህ ላይ አይጩህ።

ሄድፎኑ ላይ ከሰማህ ግን ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ማይክሮፎን ግባ፤ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚፈቅደው ታች ያለው ማብሪያ ብዙ ጊዜ ሳይታይ ጠፍቶ ይቀራል። ኦዳሲቲ ደግሞ ካርዱ ሳይሰካ ከተከፈተ አያየውም፤ ዘግተህ ክፈት፣ መቅጃውን ከላፕቶፑ ማይክ ወደ ካርዱ ቀይር፣ ሬቱን 44100 አድርግ። በሞኖ ቅዳ፤ አለዚያ ማይኩ አንደኛው መግቢያ ላይ ስለሆነ በግራ ጆሮ ብቻ ይመጣል።

ፋደር_ታች፦
ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ሌላ ፖርት ሞክር፤ ካልሆነ የራሱ ኃይል ያለው ዩኤስቢ 2.0 ሃብ መሃል አስገባ። ፋንተሙም ካርዱም ከዚያችው 5 ቮልት ነው የሚመገቡት።

ክራር_በሚዲ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔም ዩኤ-25 አለኝ። አድቫንስ ጠፍቶ ሚዲ ኪቦርድ (የተጫወትከውን ኖታ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው) ይሠራል?

ጎንደር_ሚክስ፦
ሲጠፋ ሚዲው የለም። ሊኑክስ ከተጠቀምክ ግን አድቫንስን አብርተህ ሰካው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ ያውቀዋል፣ 24 ቢቱም ሚዲውም ያለ ምንም ጭነት ይመጣል። 96 ኪሎኸርዝ ላይ ብቻ ባንዴ መቅዳትና ማጫወት አይችልም።

የአራት_ኪሎዋ፦
ማይክ_ብቻ፣ ሄድፎኑ ላይ ሰማህ? ሳትተኛ 10 ደቂቃ ቀድተህ እስከ መጨረሻው አዳምጥ፤ ፎቶም አንሳልን፣ የማብሪያዎቹን አቀማመጥ እንየው።