የዲፒኤፍ መብራት በየጊዜው ይመለስብኛል፤ ላስቆርጠው ወይስ ሌላ መላ አለው?

መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 2012 ሞዴል፣ 2.0 ሊትር ናፍጣ፣ ኮመን ሬል፣ ዩሮ 5 ናት። 180 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፋለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ የዲፒኤፍ (የናፍጣ ጭስን ጥቀርሻ የሚይዘው ማጣሪያ) መብራት እየበራ አስቸገረኝ። ጋራዥ ስወስዳት በኮምፒውተር አስገድደው ጥቀርሻውን ያቃጥሉላታል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ለተወሰነ ጊዜ ጤነኛ ትሆናለች። ከዚያ እንደገና ይበራና ጉልበቷ ይወርዳል፤ ትንሽ ዳገት ላይ ማርሽ ትለምናለች። የወጡት የብልሽት ኮዶች ፒ2463 (ማጣሪያው ጥቀርሻ በዝቶበታል የሚል) እና ፒ0401 ናቸው። የምነዳው ባብዛኛው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው፤ አጭር መንገድ።

አሁን መካኒኩ “የማጣሪያውን ሆድ ዕቃ አውጥተን ቀፎውን መልሰን እንበይደዋለን፣ ኢጂአሩን (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ቫልቭ) በላሜራ እንደፍነዋለን፣ ሶፍትዌሩም ይስተካከላል፣ ትገላገላለህ” አለኝ። ጉልበትም ትጨምራለች ብሎኛል። እውነት ነው?

ሁለት ነገር ልጨምር። ዘይት ሳልጨምርባት የዘይት መለኪያው ዘንግ ከላይኛው ምልክት አልፎ ያሳየኛል። የሙቀት መለኪያዋም መሐል ድረስ አትደርስም፣ ቁልቁለት ላይ ጭራሽ ትወርዳለች። ይሄኛው እንኳ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም፤ መቼም ከምትግል ቀዝቀዝ ማለቷ ይሻላል።

ጥቁር ጭስ

ምንም አታስብ፣ አስወጣው። እኔ ካስወጣሁ ቆየሁ፣ መኪናዬ እንደ ወፍ ነው የምትበረው። ማጣሪያ ማለት የመኪናን አፍንጫ መድፈን ነው።

ቁልፍ 13

ወንድሜ መንገደኛ፣ መልሱን መጨረሻ ላይ ራስህ ጽፈኸዋል። “አይገናኝም” ያልከው ነገር ነው ዋናው።

ከዘይቱ ልጀምር፣ እሱ አያሳድርም። ዘንጉ ላይ የጨመረው ዘይት ሳይሆን ናፍጣ ነው። ጥቀርሻ ለማቃጠል 600 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ያስፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ጭስ በተራ ጉዞ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዋናው ቃጠሎ ካለፈ በኋላ ዘግይቶ ተጨማሪ ናፍጣ በኢንጀክተሮቹ ይረጫል። ያ ናፍጣ ከማጣሪያው ፊት ያለው ካታላይዘር ላይ ደርሶ ሲነድ ጭሱን ያግለዋል። ከተረጨው ጥቂቱ ግን የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ማቃጠሉ አንዴ ተጀምሮ በወጉ ካለቀ ይህ አያሳስብም። እየተጀመረ የሚቋረጥ፣ በነጋታው እንደገና የሚጀመር ከሆነ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ይበዛልም። የቀጠነ ዘይት ቱርቦና ብሮንዚን (የክራንኩን ተሸካሚ) ይጨርሳል። የበዛው ደግሞ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር መግቢያው ሊሳብ ይችላል፤ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት መጠጣት ከጀመረ ቁልፉን ብታወጣም ላይጠፋልህ ይችላል። ስለዚህ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይር፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ጤነኛ ሞተር ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ይረጋል። ቁልቁለት ላይ መለኪያው ከወረደ ቴርሞስታቱ (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው) ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው፤ ውሃው ሳይሞቅ ወደ ራዲያተር እየሄደ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ ካልደረሰ ማቃጠሉን አይጀምርም፤ በብዙ መኪኖች ወሰኑ 70 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ጥቀርሻም ያበዛል። አንተ ጋ እንግዲህ ጥቀርሻው ይመረታል፣ ማቃጠያ ፈቃድ ግን የለም። የአጭር መንገዱ ልማድ ሲጨመርበት ደግሞ አስበው።

ከዚያ ፒ0401 አለ፤ በኢጂአሩ በኩል በቂ ጭስ አልተመለሰም የሚል ኮድ ነው። ኢጂአር ከጭሱ የተወሰነውን ወደ ሞተሩ መልሶ የቃጠሎውን ከፍተኛ ሙቀት ይቀንሳል፣ በዚህም ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዝ ይቀንሳል። ችግሩ ጥቀርሻው ከመተንፈሻው ከሚመጣ የዘይት ጉም ጋር ሲገናኝ ቫልቩና ማኒፎልዱ (ለሲሊንደሮቹ አየር የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ እንደ ሬንጅ መጋገሩ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ በብዙ መኪኖች የኢጂአር ኮድ ተመዝግቦ ከቆየ ኮምፒውተሩ ማጣሪያውን በራሱ ማቃጠሉን ያቆማል። ጋራዥ ውስጥ ኮድ ሲሰርዙና ሲያስገድዱ ይቃጠላል፣ ኮዱ ሲመለስ ይታገዳል። የመብራቱ መመላለስ ምክንያት አንድም ይሄ ነው፣ አንድም ቴርሞስታቱ፣ አንተ ጋ ሁለቱም ይመስለኛል። ማጣሪያውን መቁረጥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ጥቁር ጭስ

ጋሼ፣ ታዲያ የኔ መኪና ካስወጣሁ በኋላ ለምን ጉልበት ጨመረች? ዓይኔ ነው እንዴ የዋሸኝ?

ቁልፍ 13

ዓይንህ አልዋሸህም። የተደፈነ ማጣሪያ ጭሱን ወደ ኋላ ያፍናል፣ ቱርቦው በነፃነት አይዞርም፤ ሲወጣ መኪናዋ ትተነፍሳለች። የተጸዳ ማጣሪያ ቢገባላትም ያንኑ ያህል ትተነፍስ ነበር። አንተ የምታወዳድረው ባዶውን ከታመመው ጋር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ ሲቆረጥ የግፊት ሴንሰሩና የጭስ ሙቀት ሴንሰሮቹ ከነመልእክታቸው ይዘጋሉ። ኢንጀክተር ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ ወይም የቱርቦ ቱቦ ተቀዶ አየር ሲያንስ፣ መጀመሪያ የሚናገረው በፍጥነት የሚሞላው ማጣሪያ ነው። እሱ ከሌለ ፒስተን እስኪበላ ድረስ ላታውቅ ትችላለህ። ጭሱም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ በመጀመሪያው ምድብ ያስቀመጠው በ2012 ነው። ቀኑን ሙሉ ከጭስ ማውጫ ኋላ የምንቆመው ደግሞ እኛ ነን። በብዙ አገር ሕጉም አይፈቅድም፣ ምርመራ ላይ ያስጥላል።

ስለ ኢጂአሩ ግን የማልደብቀው አለ፦ የተደፈነበት ሞተር ማኒፎልዱ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ ይሄ እውነት ነው። ሆኖም የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይጨምራል፤ ላሜራ ብቻ ከተደረገ ደግሞ ያው ፒ0401 ይመለሳል፣ ኮዱ ማጣሪያውን ያግዳል፣ ከዚያ ማጣሪያውም ይውጣ ይባላል። አንዱ መቁረጥ ሌላውን እየጠራ ነው የሚሄደው።

መንገደኛ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ኢጂአሩን ራሴ ማውረድ እችላለሁ ብዬ አስባለሁ፣ መፍቻ አያቅተኝም። ምን ልጠንቀቅ? ማጣሪያውንስ አሁን ላስጸዳው?

ቁልፍ 13

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ አውርድ። ኢጂአሩ ቀዝቃዣ ካለው የራዲያተር ውሃ ስለሚፈስ አስቀድመህ ዕቃ አዘጋጅ። ካርቦኑን በካርቦን ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ አንሣው። የቫልቩን መቀመጫ በጠመንጃ መፍቻ አትፋቅ፤ አንዴ ከተጫረ አይገጥምም፣ ጭስ ያሳልፋል። ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ፈሳሽ ውስጥ አትንከር፤ ብዙ ቫልቭ የሚሞተው በጽዳት ነው። ማኒፎልዱን ካላወረድክ ክፍት የሆነውን መግቢያ በጨርቅ ድፈን፣ የተሰበረ ካርቦን ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ። ጨርቁን ማውጣት አትርሳ። ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያው መሐል የሚገባውን ማሸጊያ) በአዲስ ቀይር። ከገጠምክ በኋላ ቫልቩ የመዘጊያና የመከፈቻ ቦታውን እንደገና እንዲማር በኮምፒውተር ማስተማር የሚጠይቁ መኪኖች አሉ፤ ያንን ሳያደርጉ “ጸድቶም እምቢ አለ” የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል።

ሞተር እየሠራ በአየር መግቢያው የሚረጭ የሚቀጣጠል ነገር አትሞክር። ቤንዚን ሞተር አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፣ ዙሩም ሊያመልጥህ ይችላል።

ማጣሪያውን ለማስጸዳት አትቸኩል፣ መጀመሪያ ለካ። ቁልፉን ከፍተህ ሞተሩን ሳታስነሳ የዲፒኤፉን የግፊት ልዩነት (ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን) በኮድ ማንበቢያው ተመልከት፤ ዜሮ መሆን አለበት። ጭስ ሳይኖር ግፊት ካሳየ ሴንሰሩ ይዋሻል፣ ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችም እይ፤ ይሰነጠቃሉ፣ ይደፈናሉ። ከዚያ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ባለው ዙር) እና በ3000 ዙር ያለውን ቁጥር መዝግብልኝ።

ዘይት ወራጅ

በመሐል ይቅርታ። ማጣሪያ ያለው መኪና ለብቻው ዘይት አለው የሚባለው ገበያ ነው ወይስ እውነት?

ቁልፍ 13

እውነት ነው። ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ አመድ አይቃጠልም። አመዱ የሚመጣው ሞተሩ ከሚያቃጥለው ዘይት ውስጥ ካሉት የብረት ቅመሞች ነው፤ ዝቅተኛ አመድ ያለው ዘይት የተሠራው ለዚህ ነው። ጣሳው ላይ ኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች የዘይት ደረጃ) ሲ2 ወይም ሲ3 የሚል ፈልግ፣ የትኛው እንደሆነ የመኪናህ መመሪያ ይነግርሃል። አመድ የሞላበትን ማጣሪያ ስንት ጊዜ አስገድደህ ብታቃጥለው ባዶ አይሆንም፤ ወርዶ በወጉ መታጠብ አለበት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ በቅርብ መምታት ግን ሴራሚኩን ይሰነጥቃል። ከታጠበ ወይም ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የአመድ ቁጥር ካልተስተካከለ አሁንም አሮጌ ማጣሪያ የያዘ ይመስለዋል። ስለ ነዳጅም ካነሳን፣ ድኝ የበዛበት ናፍጣ ካታላይዘሩን ያደክማል። አውሮፓ ከ2009 ጀምሮ የመኪና ናፍጣ ድኝ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር እጅ) እንዳይበልጥ ያደረገችው አለምክንያት አይደለም።

መንገደኛ

ጋሼ፣ ውጤት ይዤ መጣሁ። በማንበቢያው ሳየው ረጅም መንገድ ላይ እንኳ ሙቀቷ 65 አካባቢ ነበር የምትቆመው። ቴርሞስታቱ ተቀየረ፣ አሁን 88 ላይ ረግታለች። ኢጂአሩ ውስጥ ያየሁትን መግለጽ ይከብደኛል፤ መተላለፊያው ጣት አያስገባም ነበር። ጸድቷል፣ ተምሯል፣ ፒ0401 አልተመለሰም። ዘይቱም ተቀይሯል። ግፊቱ ሞተር ጠፍቶ ዜሮ ነው። ትናንት አውራ ጎዳና ላይ ሳለሁ ሚኒሞዋ ትንሽ ከፍ አለ፣ ስቆም ማራገቢያው ይጮሃል፣ የሚነድ ሽታም አለ። ልፍራ?

ቁልፍ 13

አትፍራ፣ በራሷ እያቃጠለች ነው። እንደዚያ ስታደርግ ሞተሩን አታጥፋ፤ በተረጋጋ ፍጥነት መንዳትህን ቀጥል፣ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ታበቃለች። ደረቅ ሣር ላይም አታቁማት፣ ማርሚታው ከሥር የጋለ ነው። በሚኒሞና በ3000 ዙር ያለውን የግፊት ቁጥር ግን አልጻፍክልኝም፤ እሱን ጨምርና ማጣሪያው ወርዶ መታጠብ እንዳለበት ያኔ እንወስናለን። የዘይት ዘንጉንም ከእንግዲህ ነዳጅ በሞላህ ቁጥር እየው፤ እንደገና ከፍ ካለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ኢንጀክተር ነው።

መንገደኛ

እሺ ጋሼ፣ ቁጥሩን ለክቼ እዚሁ ሥር እለጥፈዋለሁ።