የአባታችንን በቆሎ በባሕር ዳር ጓሮ ዘሩ ሳይደባለቅ ማቆየት ይቻላል?

ጥያቄ (የዘንዘልማ ልጅ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንዘልማ የነበረው የአባታችን ማሳ በከተማው መስፋፋት መኖሪያ ሠፈር ከሆነ ወዲህ፣ ከዚያ መሬት የቀረን እናታችን ከምድጃው በላይ ሰቅላ ያቆየቻቸው ጥቂት ነጭ የበቆሎ ዛላዎች ብቻ ናቸው። በዚህ ክረምት 4 በ5 ሜትር በሆነው ጓሯችን ልዘራው አስቤያለሁ። የምፈልገው ከእሸቱ ይልቅ ዘሩ ለአባታችን መታሰቢያ እንዲቆይ ነው፤ ጎረቤቶቼ ግን ሁሉም ምርጥ ዘር ይዘራሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ (ጓሮ አልሚ)፦
በአንድ ረጅም መስመር አይዝሩት። የበቆሎ ወንዴ አበባ ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ ቢያንስ አራት መስመር ጎን ለጎን ይሁን፤ በመስመሮች መካከል 75፣ በእግሮች መካከል ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይተዉ። እያንዳንዱ የዛላ ፀጉር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ብናኝ ያልደረሰው ዛላ ጥርሱ እንደ ወላለቀ አፍ ይሆናል።

መልስ (ዘር ጠባቂ)፦
አዘራሩ ትክክል ነው፤ ከመደባለቅ ግን አያድንም። ለዘር የሚሆን በቆሎ ከሌላው ቢያንስ 200 ሜትር መራቅ ስላለበትና ይህ በከተማ ስለማይቻል፣ በእጅ ማዳቀል ይኖርብዎታል። ፀጉሩ ብቅ ከማለቱ በፊት ዛላውን በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑት። ፀጉሩ ሲወጣ ደግሞ በሌላ እግር አናት ላይ ያለውን ወንዴ አበባ ማታ ከረጢት አልብሰው አስረው ያሳድሩትና፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ አራግፈው የተጠራቀመውን ቢጫ ብናኝ ፀጉሩ ላይ ይነስንሱ፤ ወዲያው መልሰው ሸፍነው በክር ምልክት ያድርጉበት። ከጥቂት እግሮች ብቻ የተወሰደ ዘር ከዓመት ዓመት ስለሚዳከም፣ የቻሉትን ያህል ብዙ ዛላ አዳቅለው ፍሬውን ይቀላቅሉ።

መልስ (የመራዊ ገበሬ)፦
ልጄ፣ ያለሽን ዘር ሁሉ በአንድ ክረምት መሬት ላይ አትጨርሺው፤ ግማሹን አስቀሪ። አስቀድመሽ ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ መብቀሉን እይ፤ ምድጃ ላይ ብዙ ዓመት የከረመ ከሆነ ሊመክን ይችላል። ተምቹንም ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን እምብርት እየገለጥሽ ልቀሚው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዘሩ ለገጠር ዘመድ ስጪ፤ አንድ ጓሮ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግማሹን ዘር ለአክስቴ ልኬ፣ የቀረውን ዝናቡ ሲጠና እዘራለሁ።