የጎልፍ ፑተሬ (ኳስ ማንከባለያ ዱላዬ) ኳስ ወደ ቀኝ ይስትብኛል፤ እስከ ቅዳሜ መላ አለው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር የጎልፍ ጨዋታ አለብኝ፤ ነገ ማታ ከድሬዳዋ እነሳለሁ። ረጅሙን ምት እንደምንም እወጣዋለሁ። የቸገረኝ መጨረሻ ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ማንከባለሉ ነው። ቀጥ አድርጌ አነጣጥራለሁ፣ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ታልፋለች። ፑተሩ ተጣሞ ይሆን? እዚህ ከተማ የሚያቃና ሰው ታውቃላችሁ? እባካችሁ ቶሎ።

የከዚራ ጥላ፦ በዚህ ሙቀት ኳሷ ጥላ ፍለጋ ወደ ቀኝ ብትሄድ አይፈረድባትም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ብረቱን ከመውቀስህ በፊት ነገሩን ተረዳ። የኳሷን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው በምቱ ቅጽበት የፑተሩ ፊት፣ ማለትም ኳሷን የሚመታው ገጽ፣ ወዴት እንደዞረ ነው፤ እጅህ የሄደበት መንገድ ድርሻው አነስተኛ ነው። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሃል እስከ ጠርዝ 54። ፊቱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ኳሷ 3 ሜትር ስትጓዝ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ከመሃል ትርቃለች። ጠርዙን ታክካለች ማለት ነው። በ2 ዲግሪማ ጭራሽ አታገኘውም። ስለዚህ ሩቁን ጉድጓድ ተወውና በመስመሩ ላይ ከኳሷ ፊት ስንዝር ያህል ርቆ የሚታይ ምልክት ያዝ፤ የደረቀ ሣርም ይሁን። መጀመሪያ የፑተሩን ፊት ለምልክቱ ቀጥ አድርግ፣ እግርህን ከዚያ በኋላ አስተካክል። ብዙ ሰው ቀድሞ ይቆምና ኋላ ያነጣጥራል፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ሳቢያን ሰፈር፦ ኳሷ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምርና መስመሩን ወደ ዒላማህ አዙረው። ሕጉ ይፈቅዳል። ኳሷን ከማንሳትህ በፊት ግን ከኋላዋ ሳንቲም ማስቀመጥ አትርሳ።

የከረንቡላ ወዳጅ፦ አንድ ዓይንህን ጨፍን። እኛ እንደዚያ ነው የምንመታው።

ጡረተኛው መምህር፦ ከረንቡላ ላይ አገጭህ ከዱላው በላይ ነው፤ እዚህ ግን ከጎን ቆመህ ነው የምትመታው። ይልቅ እንደምትመታ ሆነህ ጎንበስ በልና ሌላ ኳስ ከዓይኖችህ መካከል ልቀቅ። መሬት ላይ ባለችው ኳስ ላይ ወይም ከእርሷ ጥቂት ወደ እግርህ ገባ ብላ ካረፈች ደህና ነህ። በጣም ወደ እግርህ ከቀረበች፣ ቀኝ እጅ መቺ ብዙ ጊዜ መስመሩን ወደ ቀኝ አጣሞ ያየዋል።

ገንደ ቆሬ፦ ኳሷ ላይ መስመር አስምር።

ሳቢያን ሰፈር፦ ተብሏል እኮ።

ግንበኛው፦ የምትለማመደው የት ነው?

ጠያቂ፦ በረንዳችን ላይ፣ ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ። ዒላማዬ የቡና ስኒ ነው። ምን ያገናኘዋል? ሲሚንቶው ልሙጥ ነው።

ግንበኛው፦ ልሙጥ መሆኑና በውሃ ልክ መሆኑ ይለያያል። በረንዳ የዝናብ ውሃ ወደ ቤት እንዳይመለስ ተብሎ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ግድግዳው በግራህ ከሆነ ውጭው በቀኝህ ነው። ስኒውን አሁን በምትቆምበት አስቀምጥና ከወዲያኛው ጫፍ ምታ። በግራህ ካለፈች ፑተርህ ጤነኛ ነው። አሁንም በቀኝህ ካለፈች መምህር ያሉትን ስማ።

ጠያቂ፦ በረንዳው በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። እኔ የጠየቅሁት ፑተር ስለሚያቃና ሰው ነው።

ግንበኛው፦ ዓይን ይሸነግላል። አንድ ጣሳ ውሃ አፍስስበትና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከት።

የከዚራ ጥላ፦ ውሃ በመጣ ዕለት ማለትህ ነው?

ሳቢያን ሰፈር፦ ልምምዱን ሳሎን ውስጥ አድርገው። ከኳሷ ፊት ሁለት ስኒ ኳስ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍተት ደርድር። ሳትነካቸው ካለፈች አነሳስህ ቀጥ ብሏል። ክር ወጥረህ በሥሩ መምታትም ይረዳል።

ጡረተኛው መምህር፦ ለልምምድ ብቻ! በጨዋታው ላይ መስመር ለማሳየት ምንም ነገር መሬት ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ከ2019 ወዲህ ካዲህም (ዱላ የሚይዝልህ ረዳት) ለምት መቆም ስትጀምር ሆን ብሎ ከኋላህ በመስመሩ ላይ መቆም አይችልም። የቅጣት ምት እንዳይመጣብህ።

ግንበኛው፦ ጠያቂው፣ ከወዲያኛው ጫፍ መታህ ወይ? በየት በኩል አለፈች?